የማማው ጢስ

በዚያ ክረምት አያቴ ማሽላችንን ለብቻው እየበላ ነው ብዬ አምን ነበር። ሰባት ዓመቴ ነበር። ስለ ሌላ ነገር ብጠየቅ አላውቅም እል ይሆናል፤ ስለዚህኛው ግን እርግጠኛ ነበርኩ። ጢሱን በዓይኔ አይቻለሁ፣ የእሸቱን ሽታ በአፍንጫዬ አሽትቻለሁ።

ቤታችን ከሮቢት ወደ ቆቦ በሚወስደው የመኪና መንገድ አጠገብ፣ ሜዳው ላይ ነበር። በአንድ ወገን የዞብል ተራራ፣ በሌላው ወገን ጎርፍ የሚወርድበት ደጋ ይታያል። የአምናው ማሽላ አገዳ ሆኖ ቀርቷል። በልጉም አልዘነበም። አባቴ አንዱን በሬ ሸጠው፤ ሁለተኛው ግንቦት ላይ ወደቀና አልተነሳም። ከደጋ የወረዱ ሰዎች በመንገዱ ወደ ቆቦ ይሄዱ ነበር፤ መጀመሪያ እየተራመዱ፣ በኋላ እየተቀመጡ። እናቴ ወደዚያ እንዳላይ ትቆጣኝ ስለነበር የተቀመጡትን ሰዎች መኪና የሚጠብቁ መንገደኞች አድርጌ ነበር የማስባቸው። መኪና እያለፈ ለምን እንደማይሳፈሩ ግራ ይገባኝ ነበር።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ጎርፍ ወረደ። አባቴና ጎረቤታችን ይርጋ በእሾህና በድንጋይ ጎርፉን ጠልፈው ወደ ማሳችን አስገቡት። እኛ እስላም፣ ይርጋ ክርስቲያን ነው፤ ጎርፍ ሲመጣ ግን ማንም ማንን አይጠይቅም። ከምድጃው በላይ በጢስ ውስጥ ተንጠልጥለው የከረሙትን የዘር ማሽላዎች እናቴ በዱላ ስትጠብቃቸው ነበር፤ ያን ቀን አወረደቻቸው። የይርጋን በሬ ከይርጋ ላም ጋር ጠምደው ዘሩ። ላሚቱ ቀንበር አይታ ስለማታውቅ በየትልሙ ጫፍ እየቆመች ወደ ኋላ ታያለች።

«አፍራ ነው» ይላል ይርጋ። «አማቶቿ እንዳያዩአት።»

ነሐሴ ላይ ማሽላው ከአባቴ ራስ በላይ ሆነ። እንደዚያ ያለ አረንጓዴ ከዚያ ወዲህ አላየሁም። ነፋስ ሲመጣ ማሳው በሙሉ ይንሿሿል፣ ጠዋት ጠዋት ከቅጠሉ ላይ ውሃ እንልሳለን። ያልገባኝ ነገር ቢኖር ይህ ሁሉ ለምለም በራችን ላይ ቆሞ ለምን እንደሚርበን ነው። ረሃብ ደረቅ መሬት ላይ ነው የሚኖረው የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ውስጥም አግኝቻቸዋለሁ። ያን ዓመት ሰው ያለቀው አገሩ አረንጓዴ ሆኖ ነው።

የምንበላው እህል ከምናስቀምጥበት ጉድጓድ ሥር ተጠርጎ የወጣውን ማሽላ ነበር። የጉድጓድ ማሽላ ታችኛው ይሸታል፤ እናቴ ደጋግማ አጥባ አሉማ ከሚባለው የዱር ጎመን ቅጠል ጋር ታነኩረዋለች። በላዩ ላይ በለስ። በለሱም ነሐሴ ሲጋመስ ከአጥራችን አለቀ፤ መንገደኞቹ እሾሁን እንኳ ሳያራግፉ ወሰዱት። ታናሽ ወንድሜ ታሂር ጡት ይጠባ ነበር። ያለቅስ ነበር ልል አልችልም፤ ማልቀስ ትቶ ነበር።

አያቴን አባባ ነበር የምንለው፤ ስሙ ሙሀመድሰይድ ነው። ቀልደኛ ነበር። ማዕድ ሲቀርብ ከፊቱ ካለው ቆርሶ ወደ እኔ ይገፋና «ይሄኛው ይሸታል፣ አንቺ ብዪው» ይለኛል። እናቴ ሀሊሜ ታየዋለች።

«አንቱ፣ ይብሉ እንጂ» ትለዋለች። «ለልጅቱ ድርሻዋን ሰጥቻታለሁ።»

«እኔ ይሸተኛል አልኩሽ እኮ።»

አንድ ጠዋት ከማሳው ተመልሶ ደጃፉ ላይ ተቀመጠና «ወፍ ገብቷል» አለ።

አባቴ ነጅሙዲን የማረሻ ጠፍር ይጠግን ነበር። ቀና ብሎ አላየውም። «የምን ወፍ?»

«ግሪሳ ነዋ። ሌላ ምን ወፍ አለ?»

«ምን ሊበላ? ገና እኮ ከቅጠሉ አልወጣም።»

«ነጅሙ።» አባባ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ማማ ሥራልኝ። ከዛሬ ጀምሮ ማሳውን የምጠብቀው እኔ ነኝ።»

እናቴ የያዘችውን ቅል አስቀመጠች። «ማሽላው እኮ አላበበም፣ አንቱ።»

«አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ገበሬ የሆንሽው?» አለና ሳቀ። የሳቀው እሱ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ የአገራችንን ልማድ መናገር አለብኝ። ማሳ ጠባቂ ማማ ላይ ከወጣ በኋላ ከቤት ምግብ አይላክለትም። ምግቡ ከማሳው ነው፤ እሸት ቀንጥሶ ማማው ሥር እሳት አንድዶ ይጠብሳል፣ በመዳፉ አሽቶ፣ ገለባውን እፍ ብሎ ይበላል። ስንት ራስ በላህ ብሎ የሚጠይቀው የለም። የጠባቂነት ወጉ ነው። ስለዚህ አባባ «ማማ ሥራልኝ» ሲል እኔ የሰማሁት «ከዛሬ ጀምሮ እሸት እበላለሁ» ሲል ነው። ምራቄን ዋጥኩ።

አባቴ ያን ቀን ግራር ሲቆርጥ ዋለ። ማማ የሚሠራ ሰው ደስ ይለዋል፤ ማማ ከቆመ ጥጋብ ቀርቧል ማለት ነው። እሱ ግን አራቱን እንጨት ሲተክል የሆነ ሰው እንደሰደበው ዓይነት ፊት ነበረው። ርብራቡን ረበረበ፣ ቅጠል አለበሰው፣ ላዩ ላይ የራሱን ቁርበት አነጠፈበት። አባባ ወንጭፉን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ወጣ። ሲወጣ አባቴ ከሥር እግሩን ይዞ ደገፈው። ዙሪያውን ባለው ሜዳ ሌላ ማማ አልነበረም። የመጀመሪያዎቹ እኛ ነን ብዬ ኮራሁ።

ይርጋ በማሳው ዳር ሲያልፍ አየው።

«አያ ሙሀመድሰይድ! ምነው፣ ወፎቹን ቀድመው ወጡ?»

«አንተ ላምህን እረስባት!» አለው አባባ ከላይ።

«ግድ የለም፣ ወፍ ካጡ እኔን ይወንጭፉኝ።»

ይርጋ ስቆ ሊያልፍ ነበር። ከዚያ የማሽላውን አናት አየ፣ ቀጥሎ አባቴን አየ፤ አባቴ ፊቱን አዞረ። ይርጋ ሳቁን ተወ። ቆብ የለውም እንጂ ቢኖረው የሚያወልቅ ይመስል እጁን ወደ ራሱ አነሳና «እግዜር ያበርታዎት» አለ። ወፍ ለሚጠብቅ ሰው ምን ዓይነት ምርቃት ነው? አልኩ በሆዴ።

ከማግሥቱ ጀምሮ ቀትር ሲሆን ከማማው ሥር ጢስ ይነሳ ጀመር። ቀጭን፣ ነጭ ጢስ ነው። አጥሩ ሥር ተቀምጬ እያየሁት ፍሬው ሲንጣጣ ይሰማኛል። ሽታው ይመጣል፤ የተቃጠለ ገለባ፣ ውስጡ ጣፋጭ ነገር ያለበት። ወላሂ ብዬ እምል ነበር።

ያን ጊዜ ያልሰማሁትን ነገር በኋላ በትምህርት ቤት ሰማሁት። የተማርኩት የሰብል ሳይንስ ነው። ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ መምህራችን ማሽላ ከአበባ እስከ ፍሬ የሚያልፍባቸውን ደረጃዎች በሰሌዳው ላይ ሣለ፤ ራሱ ከቅጠሉ ይወጣል፣ ያብባል፣ ፍሬው ወተት ይይዛል፣ ወተቱ ይረጋል። ሥሎ ሲጨርስ እጄን አውጥቼ ከቅጠሉ ከመውጣቱ በፊት ራሱን ቢጠብሱት ምን ይገኛል ብዬ ጠየቅኩ። ክፍሉ ሳቀ። «አመድ» አለ መምህሩ፣ እሱም እየሳቀ። ሌሎቹ ሲገለብጡ እኔ እስክሪብቶዬን ዘጋሁ። አባባ ማማው ላይ የወጣው ማሽላው ሆዱን ነፍቶ ገና በቅጠል እንደተጠቀለለ ነው። የሚነደው ቅጠል ነበር።

ልጅ ሆኜ ግን እንዲህ አላሰብኩም። አንድ ቀን ጢሱን ተከትዬ በአገዳዎቹ መሃል ሾለክሁ። ማማው ሳይታየኝ ጠጠር አጠገቤ ወደቀ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ አባባ። ሰይዳ።»

«ወደዚህ አንድ እርምጃ ብትመጪ በወንጭፍ ነው የምልሽ!»

«አንዲት ራስ ብቻ ስጠኝ።»

«የጠባቂ ነው!»

«ብቻህን ትበላለህ?»

«ብቻዬን ነዋ። ሆዳም ሽማግሌ አይተሽ አታውቂም? ሂጂ እናትሽ ጋ፣ ያንቺን ብዪ።»

እየተነፋረቅኩ ቤት ገባሁ። «አባባ ሆዳም ነው» አልኳት እናቴን። ትመታኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ጀርባዋን ሰጥታኝ እንስራው ላይ ጎንበስ አለችና «አዎ» አለች፣ «ሆዳም ነው።» ከዚያ ሳህኔ ላይ ጨመረችልኝ። ከዚያ ሰሞን ጀምሮ የኔ ድርሻ በርከት ብሎ ነበር፤ የእናቴም እንዲሁ። ታሂር እንደገና ማልቀስ ጀመረ፤ ሌሊቱን በጩኸቱ አስቸገረን፣ እናቴ ግን ስለ ጩኸቱ አልሀምዱሊላህ ትል ነበር። ቤታችን ውስጥ ምግብ የጨመረው እናቴ ስለራራች መሰለኝ። ከማን ላይ ተነስቶ ወደኛ እንደመጣ የሚጠይቅ ልጅ የለም።

አዲሱ ዓመት ገባ። ማሽላው ከቅጠሉ ወጣ፣ አበበ፤ በመሃሉ ሳልፍ ቢጫ ብናኝ ጸጉሬ ላይ ይራገፋል። መስከረም ሲጋመስ ደግሞ ረመዳን ያዘ። ጢሱ ከቀትር ተነስቶ ወደ መግሪብ ሆነ። ማታ ማታ ለማፍጠሪያ ውሃ በቅል አድርጌ ማሳው ዳር አስቀምጬ እንድመለስ እላካለሁ፤ ከዚያ ማለፍ ክልክል ነው። አንድ ቀን ዘግይቼ ከአገዳው ኋላ ተደበቅሁ። አባባ ከማማው ወርዶ መጣ። በዱላ ነው የመጣው። ቅሉን በሁለት እጁ አነሳው። የአንገቱ ሥር ተገትሮ ወጥቷል፣ ልብሱ ከትከሻው ላይ ይንሸራተታል።

ለአባቴ ሮጬ ነገርኩት። «አባባ ኮሶ አለበት!»

«ምን አለበት?»

«ኮሶ። ዝም ብሎ ይበላል፣ ግን ከስቷል። ትሉ ነው የሚበላበት። መድኃኒት ስጠው፣ አለዚያ ማሽላውን ሁሉ ለትሉ ይጨርሰዋል።»

አባቴ በጉልበቱ ላይ ተደፋ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ እየሳቀ መሰለኝና እኔም ሳቅሁ።

በማግሥቱ ወደ ማማው ሲሄድ ተከተልኩት። ከአገዳው መሃል ሆኜ የሰማሁትን እስከ ዛሬ ቃል በቃል አስታውሳለሁ፤ በልጅነቴ የተረዳሁት ነገር ግን አንድም አልነበረም።

«ውረድ» አለ አባቴ።

«ወፍ አለ።»

«አባዬ፣ ውረድ ብያለሁ። ከኔ ድርሻ እንካፈላለን።»

«ካንተ ላይ ምን ተርፎ? እስቲ ክንድህን እየው። አንተ ከወደቅህ ይሄን ማን ያጭደዋል? ሀሊሜ ነች? እሷ ካልበላች ደግሞ የልጁ ጡት ይደርቃል።»

«ሰው ምን ይለኛል? አባቱን ሜዳ ላይ ጥሎ...»

«ሰውማ ሽማግሌው እሸት ላይ ተኝቷል ነው የሚለው።» አባባ ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነ። «ለዚህ አይደል እንዴ ጢሱ። ቅጠል ማጨስ ብቻ እኮ ያደክማል፣ ታውቃለህ?»

አባቴ የማማውን እንጨት ይዞ ቆመ።

«አንድ ነገር ብቻ» አለ አባባ። «ልጅቱን ወደዚህ አታምጣብኝ። ካየኋት እወርዳለሁ።»

ወርዶ ሊመታኝ ነው ብዬ በአራት እግሬ እየዳህኩ ሸሸሁ። ከዚያ በኋላ ውሃውን ዳር ላይ ጥዬ ሩጫ ነው። ጠላሁት። ጥላቻዬ እውነተኛ ነበር፤ ሲራብ የሚጠላ ልጅ አሳምሮ ይጠላል።

ፍሬው ወተት ሲይዝ ወፎቹ የእውነት መጡ። አንድ ጠዋት ከቤት ሆኜ ድምፃቸውን ሰማሁ፤ ብዙ ሰው በአንድ ላይ ልብስ የሚቀድ ይመስላል። ግሪሳው ማሳው ላይ ሰፍሯል። ከማማው «ሀይ!» የሚል የለም፣ የወንጭፍ ጥይት የሚመስል ጩኸትም የለም። አባቴ ጠፍሩን ጥሎ ሮጠ። እኔም ተከትዬ ስሮጥ ወፎቹ እንደ ጥቁር ጨርቅ ተነስተው ወደ ዞብል አቅጣጫ ሄዱ።

አባቴ ለብቻው ነው ያወረደው። በጋቢ ጠቅልሎ በሁለት ክንዱ ላይ አድርጎ መጣ፤ ትልቅ ሰው እንደዚያ ሲታቀፍ አይቼ አላውቅም ነበር። አባቴ በጣም ጠንካራ ነው ብዬ ተደነቅሁ። ደጃፍ ላይ ሲደርስ እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «ኢና ሊላህ» አለ አንድ ከመንገድ የመጣ ሽማግሌ። በረመዳን መሞት መታደል ነው አሉ። ጉድጓድ የሚቆፍር ጉልበት ያለው ሰው ጠፍቶ፣ ይርጋ ቆፈረ። የመቃብሩ ጥልቀት ከመደበኛው አነስ ብሎ ነበር፤ ይርጋም ዶማውን ተደግፎ «ይቅር ይበሉኝ፣ አያ» አለ።

ሰዎቹ ሲበተኑ ማሳው ውስጥ ገባሁ። ማማው ባዶ ነበር፣ የሚከለክለኝም የለም። ከሥሩ አመዱ ተከምሯል፣ ትልቅ ክምር ነው። ተንበርክኬ በጣቶቼ አመዱን ፈለፈልሁ። ከተጠበሰው እሸት የወደቀ ፍሬ ይኖራል ብዬ ነው፤ ሰው ሲያሽ ከመዳፉ ይረግፋል። እስከ ታች ቆፈርኩ፣ መሬቱ እስኪታየኝ። አንዲት ፍሬ የለም፣ ገለባ እንኳ የለም።

አንድም አላስተረፈልኝም፤ ጠርጎ ጨረሰው፣ አልኩ። እና ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀስኩ። ያየችኝ እናቴ ለአባባ የማለቅስ መስሏት አቀፈችኝ።

ማሽላው ታጨደ። ብዙ አልነበረም፤ ግን በቃን። ታሂር ተረፈ፤ ዛሬ ዋጃ ላይ ሱቅ አለው፣ ወፍሯል፣ ይሄን ታሪክ ስነግረው ደንበኛ መጣ ብሎ ይነሳል። እናቴ ከሞተች ዓመታት አልፈዋል። እሷን አንድም ቀን አልጠየቅኋትም። አባቴን የጠየቅሁት ባለፈው መስከረም ለዕረፍት ቤት በሄድኩ ጊዜ ነው። ማሳው ዳር ተቀምጠን ነበር። ዙሪያ ጥምጥም መሄድ አልወድም፣ ቀጥታ ነው የገባሁበት።

«ምንም እንዳልበላ ታውቅ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«እያወቅህ ማማውን ሠራህለት።»

«ሠራሁለት።» ሣር ነቀለ፣ ጣቱ ላይ ጠመጠመው። «ከእናንተ ማንን ላስቀር ነበር? አንቺ ተምረሻል፣ እስቲ ንገሪኝ።»

ለዓመታት ያዘጋጀሁት ቁጣ እዚያው ሣሩ ላይ ቀረ።

«ሲሞት እኮ ፍሬው ወተት ይዞ ነበር» አልኩት። «ወፍ ይበላው ነበር። እሱ ለምን አልበላም?»

«ሰጠሁት» አለ አባቴ። «ከመሞቱ አስቀድሞ የመጀመሪያዋን የደረሰች እሸት ቤት ጠብሼ አመጣሁለት። አፉ ውስጥ አስገባት። አልወርድ አለው። ጉሮሮው ተዘግቶ ነበር። ሲቸግረው ተፋትና ቀሪውን ለሰይዳ ስጣት፣ ግን እዚህ፣ እኔ እያየሁ አለኝ።»

«አልሰጠኸኝም።»

«ሰጠሁሽ እንጂ። ማሳው ዳር አምጥቼሽ ሰጠሁሽ። ወንጭፉን ፈርተሽ ወደ ላይ ቀና አላልሽም።»

«አላስታውስም።»

«እንዴት ታስታውሺዋለሽ? ሳታኝኪ ነው የዋጥሽው። ጨረስሽና ሌላ አምጣ አልሽኝ።»

ማሽላው ነፋስ ሲነካው ተንሿሿ። አባቴ አፉን በመዳፉ ጠረገ።

«አመጣህልኝ?»

«አመጣሁልሽ። አንዷን ልቆርጥ ስል ከላይ እጁን ሲያወዛውዝ አየሁት። ድምፅ አልነበረውም። በጣቱ ያቺን አይደለም፣ ወዲያ ያለችውን፣ ትልቋን አለኝ።»